የእታለም ክንድ

መስከረም 18

እንደ እናት ላሳደግሽኝ እህቴ፣ ለእታለም፤

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ተነሥቶ እስከ ጓዳሽ ይግባ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ጆሮሽስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በልቼ አድራለሁ። የሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ሥራ ጸንቶልኛል። የበሽተኛ አንሶላ በጋሪ እየተገፋ ይመጣል፤ እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ እናጥፋለን። ትልልቁ አንሶላ ለአንድ ሰው አይመችም፤ አንዱ ከዚያ ጫፍ አንዱ ከዚህ ጫፍ ይዞ ነው የሚታጠፈው። አብሮኝ የሚያጥፈው ባልደረባዬ የአገራችን ልጅ ነው፤ ግን ከወፍጮ ሸሪክሽ፣ ከነባለሞተሩ ወገን ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን እየተሳሳቅን ነበር የምንውለው። አሁን አሁን ከአገር ቤት የሚመጣው የጸብ ወሬ የሁለታችንንም አፍ ዘግቶታል።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ አሳስቦኛል። ጽሕፈቱ ያንቺ አይደለም። ያንቺ «ሀ» ወገቧን ይዛ እንደምትከራከር ሴት ነበር የምትቆመው፤ የዚህኛው ደብዳቤ «ሀ» ቀጥ ያለች ተማሪ ናት። ማን ጻፈልሽ? ለምን? ደውዬ እንዳልጠይቅሽ ያ ሞተር ጆሮሽን በልቶት «ሃሎ ሃሎ» ከማለት በቀር አንሰማማም።

እሑድ እሑድ የወገኖቻችን አዳራሽ እሄዳለሁ። ሰብሳቢው የምኖርባትን ክፍል ያስገኘልኝ ሰው ነው፤ ውለታው አለብኝ። እዚያ የሚወራውን ሰምቼ ስመለስ ተኝቼ እገላበጣለሁ። ከዚያ ሰውዬ ጋር አሁንም ትሠሪያለሽ? ባልሽ ነፍሱን ይማረውና ከሱ ጋር ወፍጮ ሲያቆም ዘመኑ ሌላ ነበር። ድርሻሽን ተይለትና ወደ ዘመዶቻችን ከተማ ግቢ። እባክሽን።

የማይረሳሽ ወንድምሽ፣
ጭራሮሽ


ጥቅምት 11

ለወንድምዓለሜ፣ ለጭራሮዬ፤

በሰው አገር ያለውን የሚጠብቅ እሱ ይጠብቅህ። ከክፉ አለቃ፣ ከክፉ ጓደኛ፣ ከክፉ ብርድ ይሰውርህ። በቀጭኑ ሰውነትህ ላይ ሥጋ ይጨምርበት።

እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጽሕፈቱ የጠየቅከኝ፣ ዓይኔ ደከም ስላለብኝ የጎረቤት ልጅ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «ሀ»ሽን ወገቧን አስይዣት ብላት ሳቀችብኝ።

ወፍጮ ቤቱ እንደምታውቀው ነው። ወረፋው ከበሩ አልፎ መንገድ ይደርሳል፤ ደንቡም የጥንቱ ነው። ነፍሰ ጡር ወረፋ አትይዝም፤ ለቅሶ ቤት የሚሄድ እህል ቀድሞ ይፈጫል፤ ባለቤቱ ትቶት የሄደውን ጆንያ ማንም አይነካም፤ የተጣላ ጸቡን ደጅ አስቀምጦ ይገባል። በቀደም አንዲት ለሰፈሩ አዲስ የሆነች ሴት ይህን ደንብ ያወጣው የማን ወገን እንደሆነ ጠየቀችን። እኔ የባሌ ይመስለኝ ነበር፤ ባለሞተሩ የአባቱ ነው ብሎ ማለ፤ ወረፋ የያዙት ደግሞ እያንዳንዳቸው ከእናቴ ቤት ይዤው የመጣሁት ነው አሉ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ዱቄቷን ተሸክማ ሄደች።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የሞተሩ ቺንጊያ ተበጥሶብናል፤ ያ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያያይዘው ጥቁር የጎማ ቀበቶ። የተዋስነው አሮጌ ስለሆነ ይንሸራተታል፣ ዱቄቱም ይሻክራል። ልኩን ባለሞተሩ በዚህ ወረቀት ጀርባ ሥሎልሃል። እዚያ እንደ ልብ ይገኛል ይላሉ።

ስለ ድርሻዬ ያልከውን አንብቤዋለሁ።

የምትወድህ እህትህ


ኅዳር 20

ለእህቴ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኔ ግን ሰላም የለኝም።

ለምን ደበቅሽኝ? ዓይኔ ደከመ አልሽኝ እንጂ እጄ ተሰበረ አላልሽኝም። ከዚያ የመጣ መንገደኛ ነው የነገረኝ፤ ሳያስበው አፉን አመለጠው። ክንድሽ በጄሶ ተጠቅልሎ ማየቱን፣ ሰፈሩም የሚያወራውን ነገረኝ። ያ ሰውዬ ልብሱ ደም በደም ሆኖ በመንገድ ሲሮጥ፣ አንቺም «እጄን፣ እጄን» እያልሽ ስትጮኺ ሰው ሁሉ አይቷል። ይህን ሰምቼ ምን ልሁን? ሥራ ላይ ቆሜ አንሶላው ከእጄ ወደቀ። ባልደረባዬ ምን ሆንክ ሲለኝ ፊቴን አዞርኩበት።

እሑድ አዳራሽ ስሄድ ነገሩ ከኔ በፊት ደርሶ ነበር። ሰብሳቢው ተነሥቼ እንድናገር ጠየቀኝ። መናገር እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ትምህርት ቤት እንኳ ስሜ ሲጠራ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ቀን ግን ቃሉ ራሱ ወጣ። «እህቴን እጇን ሰበሩት» አልኩ። ያሳደገችኝን፣ አዝላ ሐኪም ቤት የወሰደችኝን እጅ ሰበሩት እያልኩ አለቀስኩ። አዳራሹም አብሮኝ አለቀሰ። ሰዎች በየስልካቸው እየቀረጹኝ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የዚያን ቀን ያህል ብቻዬን ያልሆንኩበት ቀን የለም።

ቺንጊያውን ገዝቼ አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ግን አልልከውም። የሰበረሽን ሰው ሞተር እንዳስነሣለት ነው የምትፈልጊው?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 6

ጭራሮ፤

ይህን በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅ።

ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ንግግርህ ደረሰ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። አይተሃል? ማን ነገረህ? የነገረህስ ከማን ሰማ?

እጄን የሰበረው ማንም አይደለም።

ቀሪውን ጣቶቼ ሲታዘዙልኝ እጽፋለሁ። እስከዚያ ያን አፍህን ዝጋ።

እህትህ


ጥር 2

ለእህቴ፤

በደብዳቤሽ ውስጥ ምርቃት ፈልጌ አጣሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አታውቂም። ደጋግሜ አነበብኩት፤ አጭር ስለሆነ ቶሎ ያልቅብኛል።

ማንም አይደለም ማለት ምን ማለት ነው? ክንድ በገዛ ራሱ ይሰበራል? ለሰብሳቢው ባሳየው አስፈራርተዋት ነው አለኝ፤ በግራ እጅ የተጻፈው ለዚህ ነው አለ። እኔም ልቤ ወዲያ ወዲህ ይላል። የተናገርኩት የሰማሁትን ነው። እሺ፣ ተሳስቻለሁ እንበል። ይቺ እንኳ ባትሆን ሌሎቹ እውነት ናቸው፤ በየቦታው የሚደርሰውን አልሰማሽም? አንዲት ዝርዝር ብትሳሳት ትልቁ ነገር አይሳሳትም።

ባልደረባዬ ንግግሬን አይቶታል። አንሶላውን እንደ ድሮው አብሮኝ ያጥፋል፤ ጫፍና ጫፉን ልናገናኝ ስንቀራረብ ግን ጣቴ እንዳይነካው ይጠነቀቃል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ንገሪኝ እንግዲህ። የሆነውን ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ጥር 28

ለወንድሜ፤

ፈጣሪ ልብ ይስጥህ። ዛሬ ከዚህ የበለጠ ምርቃት አልመጣልኝም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርህ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ሞተሩ እየዞረ ጎንበስ ስል የሹራቤን እጅጌ ቀበቶው ያዘው። እጅጌው ክንዴን ይዞ ሄደ። እንደ ጆንያ ሲጎትተኝ ይታወቀኛል። የሞተሩ ማጥፊያ በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ነው፤ ባለሞተሩ እዚያ እስኪደርስ ክንዴ ከትከሻዬ ይለያል። ስለዚህ ቢላዋውን መዘዘና በሚዞረው ቀበቶ ላይ ተደፋ። ቆረጠው። ቀበቶው ሲፈናጠር ደረቱን ገረፈው፤ ሰምበሩ እስከ ዛሬ አለ። አጥንቴ ተሰበረ፤ ክንዴ ግን ተረፈ። አዝሎኝ እስከ ጤና ጣቢያ ሮጠ። ደሙ የኔም የሱም ነው። እኔ «እጄን» እያልኩ እጮሃለሁ። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ያየው ይህንን ነው፤ ያላየውን ደግሞ እንደ ልቡ ሞላበት።

ያቺ ቀበቶ የሁለታችንም እንጀራ ነበረች። አንድ ቀን እንኳ «አይ ቀበቶዬ» ሲል አልሰማሁትም። ቢልም አልሰማውም ነበር፤ ግን ፊት ማንበብ እችላለሁ።

ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ደብዳቤህ «ያ ሰውዬ፣ ያ ሰውዬ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ብነግርህ ከታሪኩ ውስጥ ደሙን ብቻ መዝዘህ እንዳትወስድ ፈራሁ። ሳልነግርህም ደሙን ብቻ ወሰድክ። ያን ቀጥ ያለ «ሀ» የምትጽፍልኝ ልጅ የማን ልጅ መሰለችህ? የባለሞተሩ ታላቋ ልጅ ናት። የኛን ቋንቋ ከኔ ይልቅ እሷ አስተካክላ ትጽፋለች። ድርሻሽን ተይለት ያልክበትን ደብዳቤ እንዳታየው ትራሴ ውስጥ ነበር የደበቅኩት።

አሁን ደግሞ ያንተ ንግግር የመጣ ጠዋት የሆነውን ስማ። ወረፋው ቆሟል። ጎረምሶች ተሰብስበው መጡ። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ እናቶቻቸው አዝለዋቸው ዱቄት ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው። አንደኛው ስልኩን ዓይኔ ሥር አመጣው። ባይ አንተ ነህ። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከሄድክ ወዲህ ፊትህ ሲንቀሳቀስ አይቼ አላውቅም። ወፈር ብለሃል፤ ጸጉርህ ከፊት ሸሽቷል። አፍህ ይከፈታል ይዘጋል፤ ታለቅሳለህ። የምትለውን አልሰማም። ምን አለ፣ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው እያልኩ ብጠይቅ የሚነግረኝ ጠፋ። ወረፋ የያዙት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ የባለሞተሩ ልጅ ጠጋ አለችና በጆሮዬ ጮኸች።

«‘እህቴን እጇን ሰበሩት’ ይላል። አባቴን ነው።»

እሷ ናት የነገረችኝ። ሌላ ሰው አልደፈረም።

እኔም በጄሶ የተጠቀለለውን ክንዴን አነሣሁና ይቺን ያተረፋት እሱ ነው አልኩ። ቀበቶውን እንዴት እንደቆረጠው ነገርኳቸው፤ ደረቱን አሳያቸው አልኩት። ስልኩን የያዘው ልጅ በርኅራኄ ትከሻዬን ይዞ በጆሮዬ ጮኸ።

«እታለም፣ አስፈራርተውሽ ነው። አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ።»

ታያለህ? ክንዱ የኔ፣ ስብራቱ የኔ፣ ምስክርነቱ ግን ያንተ ሆነ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው አለቀሰና እኔ ውሸታም ሆንኩ።

ባለሞተሩን ከተማውን ልቀቅ አሉት። ሲገፋፉ ድንጋይ ተወረወረ። ለሱ የታሰበው ልጅቷን ከቅንድቧ በላይ አገኛት። የወረወረው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ሁሉም ተበተኑ። ወረፋ ላይ ከነበሩት አንዲት የኛ ወገን ሴት ሻሿን ቀድዳ ግንባሯን አሰረችላት። ዓይኗ ተርፏል።

በማግስቱ ቤቱን ዘግቶ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሚስቱ ዘመዶች ከተማ ሄደ። ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ። ሞተሩን የማያውቀው ሰው እንዳያስነሣው፣ ሰው እንዳይጎዳ አስጠነቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ ወፍጮው ቆሟል። የኛዎቹ ሌላ መካኒክ እናምጣልሽ ቢሉኝ ቁልፉን አልሰጥም አልኩ። ሰው ዱቄት ፍለጋ ወንዝ እየተሻገረ ነው። ሴቶቹ ይረግሙኛል። ይርገሙኝ።

ይቺ እንኳ ባትሆን ሌሎቹ እውነት ናቸው ብለሃል። እንግዲያው ለሌሎቹ ሌላ እህት ፈልግላቸው። በኔ ክንድ አትናገርላቸው።

ገንዘብ አትላክልኝ፤ ቺንጊያውንም ተወው። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በተናገርክበት አዳራሽ ቆመህ፣ በዚያው አፍህ፣ እየቀረጹህ እውነቱን ተናገር። «ሰበረው» ብትል እንኳ ሐሰት ነበር። አንተ ግን «ሰበሩት» ብለህ አንዱን ሰው ሕዝብ አደረግከው።

እህትህ


መጋቢት 12

ጭራሮ፤

ጤናህን ይስጥህ። የደብዳቤህን መንገድ አየሁ አየሁና ዓይኔ አሁን በእውነት ደከመ። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ገና ከበሩ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች።

መልስ ባትሰጠኝም የሰማሁትን ልንገርህ። የባለሞተሩ ሚስት የቀረ ልብስ ልትወስድ ተሸፋፍና መጥታ ነበር። እኔ ጋ አረፈች። ብዙ አላወራንም፤ እሷ የኛን ቋንቋ ትሰብራለች፣ እኔ የነሱን እሰብራለሁ፣ በዚያ ላይ ጆሮዬ። ግን ይህን ደጋግማ ነገረችኝ።

ወንዝ ማዶ ሲደርሱ እዚያም ጎረምሶች መጡ። የነሱ ወገን። የልጅቷን ግንባር አዩ። ስልክ ፊት አቁማትና የደረሰባችሁን ተናገር፣ አገር ይስማ አሉት። ባለሞተሩ የሆነውን ነገራቸው፤ አንድ ሰው ድንጋይ ወረወረ፣ ልጄን መታት አለ። እነሱም እንደሱ አትበል፣ «ወረወሩ» በል፣ «መቷት» በል አሉት። በነሱም ቋንቋ እንደኛው ነው፤ አንዱን ከብዙው የምትለየው የቃሉ ጫፍ ናት።

«የወረወረው አንድ ነው» አላቸው። «የቀሩት ሲወረውሩ አላየሁም። ግንባሯን ያሰረችላትም ከነሱ ናት።»

ፈሪ ነህ አሉት፤ ተሸጠሃል አሉት። የሚስቱ ወንድም እንኳ ከማዕድ ለየው። የገዛ ልጁን ደም በዓይኑ ያየ ሰው ነው፣ ጭራሮ። እንዳንተ ከመንገደኛ አልሰማም። የተቀደደው የልጁ ግንባር ነው፤ «እነሱ» ለማለት ከማንም በላይ ምክንያት ነበረው።

ለሚስቱ ምን እንዳላት ታውቃለህ? በአባቴ ቤት ያላዩትን ማውራት ነውር ነበር አላት። በአባታችን ቤትስ ምን ነበር? አንተ ሕፃን ነበርክ፤ እኔ ግን አስታውሳለሁ። ያላየነውን ስናወራ «ዓይናችሁ የት ነበር?» ይለን ነበር፤ መልስ ካጣን እራት የለም። ሁለቱ አባቶች ተያይተው አያውቁም። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም። ነውሩ ግን አንድ ነበር።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይላሉ። ይህን ተረት በሕይወቴ ወድጄው አላውቅም፤ አንተ ሩቅ ስለሆንክ። አሁን እንዳታስወድደኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 20

ለእታለም፤

ሰላምታ ለማቅረብ አፍ የለኝም፤ ቢሆንም ፈጣሪ ክንድሽን ያጽናልሽ።

ዝም ያልኩት ንቄሽ አይደለም። ስንቱን ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድኩት። እሑድ እሑድ አዳራሽ ሄጄ ዛሬ እናገራለሁ እያልኩ እቀመጣለሁ፤ ሰብሳቢው ሲያቅፈኝ፣ ሴቶቹ «እህትህ እንዴት ሆነች?» ሲሉኝ ቃሉን ውጬ እመለሳለሁ። እህትህ እንዴት ሆነች ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች እነሱ ብቻ ናቸው፤ ይህንን ላጣ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ነበር የፈራሁት።

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ግን መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። በሚቀጥለው እሑድ እጄን አወጣሁ። ስለ እህቴ የተናገርኩት ልክ አይደለም አልኩ። ቀበቶው እጅጌሽን መያዙን፣ ባለሞተሩ መቁረጡን፣ አዝሎሽ መሮጡን፣ በኔ ንግግር የተነሣ የሱ ልጅ መመታቷን ተናገርኩ። «ሰበሩት ያልኩት እኔ ነኝ፤ የሰበረ የለም» አልኩ። ያን ጊዜ አብረውኝ ያለቀሱት ሰዎች ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። ሳልጨርስ የድምፅ ማጉያው ተዘጋ። ባዶ አፌን ትንሽ ተናገርኩና ተቀመጥኩ። እየቀረጹኝ እንድናገር ብለሽኝ ነበር፤ አንድም ስልክ አልወጣም። ሲወጡ ሰብሳቢው ጎትቶኝ፣ እውነት ቢሆን እንኳ ለምን እዚህ፣ ለምን አሁን አለኝ። ክፍሉን እንድለቅም ነገረኝ። ዕቃዬን ይዤ ወጥቻለሁ፤ አሁን ባቡር በሚያልፍበት ጠርዝ አንዲት ጠባብ ክፍል ይዣለሁ። ባቡሩ ሲያልፍ አልጋው ይንቀሳቀሳል። እኔም እንደዚያው ነኝ።

በማግስቱ ሥራ ላይ ለባልደረባዬ ሁሉንም ነገርኩት። አንሶላውን ከዚያ ጫፍ እንደያዘ ሰማኝ። አንሶላውን አጥፈን አስቀመጥን፤ ሌላ አነሣን። እሱንም አጠፍን። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤

«ክንዷ ዳነ?»

ይህንኑ ብቻ። ድኗል አልኩት። ከዚያ ስልኬን ሰጠሁትና ቅረጸኝ አልኩት። በታጠፈው የአንሶላ ክምር ፊት ቆሜ እንደገና ተናገርኩ፤ እሱ ነው ስልኩን የያዘልኝ። አሁን ለሚያየው ሁሉ ተልኳል። የመጀመሪያውን አገር አየው፤ ይህንን የሚያየው ጥቂት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እያደረ የሚጠራውን ለመጠበቅ ትዕግሥት የለኝም፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ደጋግሜ እልካለሁ።

ቺንጊያውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለመንገደኛ ሰጥቻለሁ። ክረምት ላይ የሥራ ፈቃድ አገኛለሁ። ልመጣ እፈልጋለሁ። ልምጣ? እነባለሞተሩ ቢመለሱ ፊታቸው ልቆም እችላለሁ?

ጥፋተኛው ወንድምሽ


ሰኔ 25

ለጭራሮዬ፤

አንደበትህን ያስተካከለ ፈጣሪ እግርህንም ያስተካክል። የባቡሩ አልጋ እንቅልፍ ይስጥህ። አሜን በል።

ባለሞተሩ ተመልሷል። ደስ ከማለትህ በፊት ግን ሁሉንም ስማ፤ ያንተ ንግግር አይደለም የመለሰው፣ እንዳትኮራ። ገና ቪዲዮህ ሳይደርስ ነው። ያቺ ሻሿን የቀደደችው ሴት በየቤቱ ዞራ ወረፋተኞቹን ሰበሰበች። የኛ ወገኖችም የነሱም ነበሩ። ዱቄት ልናስፈጭ ወንዝ ከተሻገርን ሰውየውን ለምን ይዘነው አንመለስም አለቻቸው። ሄድን። እኔም ሄድኩ። ደጃፉ ስንደርስ የሚስቱ ወንድም ሊያስገባን አልፈለገም። ያኔ ከመሀላችን አንዲት እናት ወደ ፊት ወጣች። ነጋዴ ናት፤ ታውቃታለህ፣ ጥግ ላይ ሳሙና የምትሸጠው።

«የወረወረው የኔ ልጅ ነው» አለች፣ እኔም እስክሰማ ጮክ ብላ። «እናንተ ማንነቱን አላያችሁም። እኔ እናቱ አየሁት።»

ማንም አልጠየቃትም ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እሷም እንደ ባለሞተሩ ከብዙው መሀል አንዱን ለይታ አወጣች፤ ያውም የገዛ ልጇን። የሚስቱ ወንድም ከበሩ ዞር አለ።

ባለሞተሩ ሚስቱንና ትንንሾቹን ይዞ ተመለሰ። ታላቋ ልጅ አልመጣችም። እዚያው እማራለሁ ብላለች። ጠባሳዋን በጸጉሯ ትሸፍነዋለች። ስንለያይ አቀፍኳት፤ እሷ ግን እጆቿን አላነሣችም። ተወኳት። ምን ልበላት? ታላቁ ወንድ ልጃቸውም ለሰፈሩ ሰው ሰላምታ አይሰጥም፤ ለኔም ጭምር። ስልክ የያዙት ጎረምሶች ደግሞ ባለሞተሩ ሲያልፍ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ ይቅርታ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እናቱ ጎትታው። እንግዲህ የሆነው ይኸው ነው። ሁሉም ነገር አልተጠገነም።

ቺንጊያህ ልክ ሆኗል። ወፍጮው ይሠራል፤ ወረፋው መንገድ ይደርሳል።

ቪዲዮህን ባለሞተሩ በሚስቱ ስልክ አየው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እኔ አፍህን አየሁ፣ እሱ ድምፅህን ሰማ። ፊቱን ሳነበው የማነበው አጣሁ። ሲያልቅ መልሺልኝ አላት። እንደገና ሰማው። ከዚያ ስልኩን አስቀምጦ እጁን ሊታጠብ ወጣ። ሚስቱ ተከተለችው፤ ውጪ ብዙ ቆዩ። ታላቁ ወንድ ልጃቸው ውስጥ ሆኖ የሚሉትን ይሰማል፤ ፊቱ ጠቁሯል። ስትመለስ እጄን ይዛ እንዳትሳሳት ቃሉን እየለካች ነገረችኝ። ወንድምሽ ሲመጣ እኛ ቤት ይረፍ አለችኝ። ልጁ ይህን ሰምቶ ሳህኑን ገፍቶ ወጣ። እሷ ግን አልመለሰችውም።

ስለዚህ ና። ፊታቸው ልቆም እችላለሁ ወይ ብለሃል፤ እኔ አላውቅም። ስትመጣ ግን ወደኔ አትግባ። አልጋ አላነጠፍኩልህም፣ ሻንጣህንም አልቀበልህም። ያረፍክበት መጥቼ አይሃለሁ፤ እንደ እንግዳ እዚያ ቤት እቀመጣለሁ። ማዕድ ሲቀርብ ልጁ ካልተቀመጠ አንተም አትቅረብ፤ ጠብቀው፣ ቢመሽም ጠብቀው። ወደነሱ አስታራቂ ብለህ ሽማግሌ አትላክ። እኔንም አማላጅ አታድርገኝ።

በራቸው አረንጓዴው ነው። ራስህ አንኳኳ። እኔ አብሬህ አልሄድም።

እህትህ